ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ስልክ

አባቴ የውሃ ቦቴ ነጂ ነው። ውሃ አድርሶ ከገጠር ሲመለስ ቦቴው ባዶ ይሆናል፤ ጋቢናው ግን ባዶውን መጥቶ አያውቅም ነበር። ከመቀመጫው ኋላ አንድ የስኳር ከረጢት ይጎለታል፤ ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ ስልክ ነው። ስልክ በስልክ ላይ። ቁልፉ የተፋቀ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ፣ ፍየል ፍየል የሚሸት፣ አንዳንዱም ጥርስ ያረፈበት። ፍየል ስልክ ትበላለች ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ትሞክራለች።

ስልኮቹ ቻርጅ ሊደረጉ ነው የሚመጡት። በመንደሩ መብራት የለም፤ አንዱ ሻይ ቤት የነበረው የፀሐይ ቻርጀርም ተሰብሮ ቀርቷል። ስለዚህ አባቴ ከረጢቱን ሐርጌሳ ከተማ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ያመጣና ደጃፉ ላይ አውርዶ "ነይ፣ መንደሩ መጥቶልሻል" ይለኛል። ያን ጊዜ ደስታዬን ብታዩት! ምንጣፉን እገፋለሁ፣ ዲቫይደሩን እዘረጋለሁ፣ በእሱ ላይ ሌላ ዲቫይደር እሰካለሁ፣ እማዬ "ይቺ ልጅ ቤቱን ልታቃጥለው ነው!" ትላለች፣ ትንንሾቹ መብራቶች ብልጭ ብልጭ ማለት ይጀምራሉ።

ሁሉም ስልኮች አንድ ዓይነት ርካሽ ስልኮች ስለሆኑ እንዳይቀያየሩ እያንዳንዷ ሴት ከራሷ ልብስ ጫፍ ቀዳ ስልኳ ላይ ታስርበታለች። አረንጓዴ አበባ ያለበት የአሮጊቷ ነው፤ እሷ የመንደሩ አፍ ናት፣ ያለ እሷ የሚወሰን ነገር የለም። ሰማያዊው የምራቷ ነው። ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ደግሞ የኤዶ ነው።

ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ዝምድና የለንም፤ ትምህርት ሲዘጋ ከአባቴ ጋር ወደ መንደሩ ስሄድ እሷ ጎጆ ስለማርፍ ነው እንዲያ የምላት። እኔ "ኤዶ" ስላት እሷም መልሳ "ኤዶ" ትለኛለች። እዚህ አገር ትልቅ ሰው ለትንሽ የሚመልሰው በራሱ መጠሪያ ነው። መጀመሪያ ግራ ይገባኝ ነበር። በኋላ ወደድኩት፤ የሰጠሽው ነገር ዞሮ ወደ አንቺው ይመጣል።

እኛ ቤት የምንነጋገረው በአማርኛ ነው፤ እናትና አባቴ ከወሎ ናቸው። ሶማሊኛውን ግን እኔ ከሁለቱም እበልጣለሁ፤ ማንበብም መጻፍም እችላለሁ። በዚህ የተነሳ ነው የመንደሩ አንባቢ የሆንኩት። ድርቁ በጠናበት ወቅት አንድ የእርዳታ ቢሮ ዱቄትና ዘይት በመኪና ማመላለሱን ትቶ ገንዘቡን በቀጥታ በየቤተሰቡ ስልክ መላክ ጀመረ። ገንዘቡ ሲገባ መልእክት ይመጣል። መልእክቱን ከባለቤቶቹ አንዷም ማንበብ አትችልም። እኔ አነብና የጨርቁን ጫፍ አንድ ጊዜ እቋጥረዋለሁ። ቋጠሮ ካለ ገብቷል፤ ከሌለ አልገባም። አባቴ እንደሚለው ከረጢቱን ሲያድላቸው ስልኩን የምታይ ሴት የለችም። ሁሉም ጨርቁን ነው የሚዳስሱት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ማለት ይቻላል፣ ከዚያ "አልሐምዱሊላህ" የሚል ድምፅ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሄዳል።

የገንዘባቸውን የሚስጥር ቁጥር፣ ፒኑንም ነግረውኛል። እማዬ ይህን ስትሰማ ደነገጠች፤ "የሰው ገንዘብ ቁልፍ በልጅ አፍ!" አለች። ግን ያለዚያ የውሃው ነገር አይሆንም ነበር። ሴቶቹ ከሚገባላቸው ላይ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ድርሻ ለውሃ ያዋጣሉ፤ ያን ድርሻ ከየስልኩ ወደ ቦቴው ባለቤት የምልከው እኔ ነኝ። ባለቤቱ ሙሉ ቦቴ ይልካል፤ ካልሆነ አይልክም። ግማሽ ቦቴ የሚባል ነገር እሱ ዘንድ የለም። ምን ቸገረው? ሐርጌሳ እየተሠራች ነው። በጦርነቱ የተበሳሳው ግድግዳ ይለሰናል፣ በመሬት ቤቱ ላይ ፎቅ ይወጣል፣ በየመንገዱ ማዶ ለማዶ ሲሚንቶ ይቦካል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ከግመል በላይ ይጠጣል። ባለቤቱ አባቴን "ግንበኛ ስልክ ይደውላል፣ ፍየል አትደውልም" ይለው ነበር። ይኸው አሁን ፍየሎቹም መደወል ጀመሩ! እኔ ነኝ የምደውልላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቦቴው ከተማውን ትቶ፣ በሰዓቱ፣ ሙሉውን፣ ወደ መንደሩ በርካድ ይሄድ ጀመር። በርካድ በሲሚንቶ የተለሰነ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ መንደሩ የሚጠጣው ከእሱ ነው።

ያ ገንዘብ ምን እንዳደረገ ከጠየቃችሁኝ ይኼን አደረገ። ሄደው ሊበተኑ ጓዛቸውን የጠቀለሉ ቤተሰቦች ጓዛቸውን ፈቱ። ልጆቹ ፊታቸውን ታጠቡ። የአሮጊቷ ምራት ለልጇ ጫማ ገዛችለትና ልጁ እንዳያልቅበት ብሎ በእጁ ይዞት ይዞር ነበር። የሚያስቅም ነበረው፣ እውነቴን ነው።

የኤዶ ስልክ ከሌሎቹ በአንድ ነገር ይለያል። ምዝገባው በሌሎቹ ቤቶች በሚስቶቹ ስም ነው። በምዝገባው ዕለት ግን ኤዶ ፍየሎቹን ይዛ ግጦሽ ፍለጋ ርቃ ሄዳ ስለነበር፣ የቢሮው ሰዎች የመዘገቡት ባሏን ነው። ጨርቁ የእሷ፣ ስሙ የእሱ።

ባሏ ረጅም ሰው ነበር፤ ሲስል በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ ከዚያ ካቆመበት ወሬውን ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ቦቴው በደረቀ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ሰጥሞ እሱ በእጁ ቆፍሮ ነው ያወጣው። አባቴን ሲያይ ከሩቅ ነው የሚጀምረው።

"ሐበሻው! ዛሬም የሲሚንቶ ውሃ ነው ያመጣህልን? ሆዳችን ሊደርቅ ነው እኮ!"

"ይድረቅልህ፤ ያኔ ነፋስ አይወስድህም" ይለዋል አባቴ።

"እኔን ነፋስ ከሚወስደኝ አንተን ፖሊስ ቢወስድህ ይቀላል።"

እንዲህ እየተባባሉ ቱቦውን አብረው ይይዛሉ።

አንድ ቀን አባቴ ከገጠር ሲመለስ ከረጢቱን ደጃፍ ላይ አላወረደም። ራሱ ይዞት ገባ፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠውና አጠገቡ ተቀመጠ። "ሰውየው ሞቷል" አለ። ሳሉ ነው የወሰደው። አባቴ ሲደርስ ቀብረው ነበር።

እማዬ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔ ከረጢቱን ከፍቼ የኤዶን ስልክ መፈለግ ጀመርኩ። ነጭ ጨርቅ ነበር የምፈልገው። እዚህ ባሏ የሞተባት ሴት የሀዘን ጊዜዋ፣ ዒዳዋ፣ እስኪያልቅ ከራስ እስከ እግሯ ነጭ ትለብሳለች፤ ማንም ሰው ከሩቅ ሲያያት ሀዘንተኛ መሆኗን ያውቃል፤ ነጋዴው ድምፁን ዝቅ ያደርግላታል፣ ልጆች መንገድ ይለቁላታል። ስልኩ ላይም ነጭ ይታሰራል ብዬ ነበር። ያገኘሁት ያንኑ ቀይ፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበትን ነው።

"ነጭ አልለበሰችም" አለ አባቴ፣ የምፈልገው ገብቶት።

"ምን ማለት ነው አልለበሰችም?" አለች እማዬ። "ሰውየው ውሻ ነው እንዴ?"

"አትቸኩይ። እሷ እምቢ ብላ አይደለም።"

ነገሩን ነገረን። ገንዘቡ የተመዘገበው በሟች ስም ነው። የቢሮው ሰው አልፎ አልፎ በሞተር ይመጣል። ነጭ የለበሰች ሴት ካየ "ማን ሞተ?" ማለቱ አይቀርም፤ የተመዘገበው ሰው መሞቱ ከታወቀ ደግሞ ስም እስኪዛወር ገንዘቡ ይቆማል፤ ስም መዛወር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያውቅ የለም። የኤዶ ድርሻ ከጎደለ ቦቴው አይሞላም። ካልሞላ አይመጣም። አሮጊቷ ሴቶቹን ሰብስባ ይህን ሁሉ አስረዳችና በመጨረሻ ወደ ኤዶ ዞራ "ነጩን ዝናብ ሲመጣ ትለብሽዋለሽ" አለቻት።

"እሷስ ምን አለች?" አልኩት።

"ምን ትላለች? ፍየሎቹን ልታጠጣ ሄደች።"

 እማዬ በዚያ ቀን የኤዶን ስልክ ከሌሎቹ ለይታ፣ በማይረገጥበት ቦታ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

ገንዘቡ መግባቱን ቀጠለ። እኔም በቀዩ ጨርቅ ላይ መቋጠሬን ቀጠልኩ። በሞተ ሰው ስም የሚመጣ መልእክት ማንበብ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሌላ ምንም አይደለም፣ ልክ እንደ ሕያው ሰው ነው። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ "ገንዘብ ገብቶልዎታል"። "ገብቶልዎታል" የሚለው ጋ ስደርስ ነበር ጣቴ የሚቀዘቅዘው።

ትምህርት በተዘጋ ሰሞን ሌላ ዓይነት መልእክት መጣ። ለሁሉም ስልኮች ነው የተላከው። በመጪዎቹ ቀናት ከቢሮው ይደወላል፣ ቬሪፊኬሽን ነው፣ የተመዘገበው ሰው ራሱ ማንነቱን በድምፁ ካላረጋገጠ ክፍያው ይታገዳል ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። ለአባቴ አነበብኩለት። ለመንደሩ ደውለን እንዳንነግር የመንደሩ ስልክ ሁሉ እኛ ወለል ላይ ተኝቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ እስቅ ነበር።

ከረጢቱን ይዘን አብረን ሄድን። ጉዞውን እወደዋለሁ፤ ከተማው አልቆ የመጨረሻው የብሎኬት ክምር ካለፈ በኋላ መሬቱ ይከፈታል። በዚያ ቀን ግን ከመንገዱ ግራና ቀኝ የወደቁ ፍየሎች ነበሩ፣ ቆዳቸው በአጥንታቸው ላይ እንደ ድንኳን የተወጠረ፤ አባቴ ሬዲዮውን ዘጋው።

ለሴቶቹ ነገርኳቸው። የሌሎቹ ቀላል ነው፤ ስልካቸውን ይዘው ኔትወርክ የሚገኝበት ኮረብታ ላይ ይጠብቃሉ፣ ሲደወል "እኔ ነኝ" ይላሉ። ሁሉም ወደ ኤዶ ዞሩ። ኤዶ ቀይ ልብሷን ለብሳ በርካዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልብሱ ከጫፉ በጣም ስለተቀደደ ቁርጭምጭሚቷ ይታያል።

አሮጊቷ ብዙ አላሰበችም። ጣቷን ወደ አባቴ ቀሰረች። "ሐበሻው ይናገር።"

"እኔ?" አለ አባቴ።

"ጓደኛው አልነበርክም? አባቱን ታውቃለህ፣ አያቱን ታውቃለህ።"

"እናቴ፣ አፌ ያስታውቃል። ሁለት ቃል ስናገር ሐበሻነቴ ይወጣል።"

"እየሳልክ ተናገራ! እሱም ይስል ነበር። ሳል ሐበሻና ሶማሌ የለውም።"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ አሁን ሳስበው ያስገርመኛል እንጂ በሰዓቱ የእውነት ያስቃል። ከዚያ አባቴን መሐል አስቀምጠው የሟቹን የዘር ሐረግ ያስጠኑት ጀመር፤ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ከዚያ በላይ ያሉትን። እዚህ ሰው ማን መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። አባቴ ከጉሮሮ የሚወጡትን ድምፆች አይችላቸውም፤ አንዱ አያት ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ይሰናከላል። "እንደገና!" ትለዋለች አሮጊቷ። "አያቱን ፍየል አደረግከው! እንደገና!" አባቴ ላብ በላብ ሆነ። "ሳል!" ስትለው ሳለ። መጀመሪያ የሳለው የራሱን ሳል ነበር። "እንደዚያ አይደለም" አለች የአሮጊቷ ምራት። አባቴ ትንሽ አሰበና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሳለ።

ሳቁ ቆመ።

ወደ ኤዶ አየሁ። ኤዶ ወደ በርካዱ ነበር የምታየው፣ ወደ ታች፣ ውሃው አልቆ አረንጓዴ ጭቃ ወደ ቀረበት። "እንዲያ ነው" አለች። "ልክ ነው። እንዲያ ነበር የሚስለው።"

ቦቴ ነጂ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ስልክ ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ ኤዶ ከነስልኳ ከእኛ ጋር ወደ ሐርጌሳ መጣች፤ ቢሮው ሚስቱንም ቢፈልግ አጠገቡ እንድትሆን። እኔ በእሷና በአባቴ መካከል ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤ "እናትሽ ዒዳ ላይ ያለች ሴት ከቤቷ ወጣች ብላ አትቀየመኝም?"

"ለችግር ነው የወጣሽው፣ ኤዶ።"

"ለችግር" አለች፣ ቃሉን እንደምትቀምሰው ሁሉ።

እማዬ አልተቀየመቻትም። ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች፤ በዚያ ሰሞን ወደ ገበያ መሄዷን ትታ ከኤዶ ጋር ቤት ዋለች። ቋንቋቸው በደንብ አይገናኝም፤ እማዬ ሶማሊኛዋ የገበያ ሶማሊኛ ነው፣ ከሜትርና ከዋጋ አያልፍም። ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። ጥግ ላይ የእማዬ የጨርቅ ጥቅሎች ቆመዋል፤ ከሁሉም ኋላ አቡጀዲው ነው፣ ሰው የሚገዛው ለከፈን፣ ለሬሳ መገነዣ ነው። ኤዶ አንድ ጊዜ ከተቀመጠችበት ተነስታ ሄዳ አቡጀዲውን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። እማዬ አይታለች፤ ሩዟን መልቀም ቀጠለች።

ስልኩ የጮኸው አባቴ ምሳ ሊበላ በገባበት ሰዓት ነው። እጁን በሱሪው ጠረገ። እኔ ድምፁን ለሁላችንም እንዲሰማ ከፍ አደረግኩት።

የወጣት ድምፅ ነው፤ ትሑት፣ ቢሮ ቢሮ የሚል። ሰላምታ ሰጠ፣ ስም ጠየቀ። አባቴ ስሙን ነገረው። የአባት ስም? ነገረው። የአያት? እዚያ ጋ ሲደርስ ሳለ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በሳሉ መሐል አያቱን አሳለፈው። ወጣቱ አልጠረጠረም።

"ያምዎታል እንዴ፣ አጎቴ?"

"አልሐምዱሊላህ፤ ደህና ነኝ። እየተሻለኝ ነው።"

"አላህ ይማርዎት። ሐኪም ጋ ሄደዋል?"

"እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

"ይሂዱ እንጂ! ሳል አይናቅም" አለ ልጁ፤ ከልቡ ነበር የሚናገረው። "አሁን ባለቤትዎን ያቅርቡልኝ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።"

አባቴ ስልኩን ለኤዶ ሰጣት። ኤዶ በሁለት እጇ ያዘችው፣ እንደሚፈስ ነገር።

"እናቴ፣ አሁን ያናገረኝ ሰው ባለቤትዎ ነው?"

"አዎ" ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ያንን ብቻ ነበር የጠበቅነው። እኔ ከንፈሬን "አዎ" አድርጌ አሳየኋት። ኤዶ አየችኝ። አባቴን አየችው፣ እጁ አሁንም ጉልበቱ ላይ ነበር።

"ሳሉ የእሱ ነው" አለች። "ባሌን ግን ቀብረነዋል።"



"ይኼ ሰውዬ ውሃ የሚያመጣልን ነው" ብላ ቀጠለች። "ደግ ሰው ነው። እንዳትቆጣው። የሞተው ሰው እየተሻለኝ ነው ሲል ሰማሁና አልቻልኩም።"

ልጁ "ኢና ሊላሂ..." አለ፣ ከዚያ ወደ ቢሮ ድምፁ ተመለሰ። ክፍያው ይታገዳል። ስም ለማዛወር የሽማግሌ ምስክር ይዘው ወደ ቢሮ ይምጡ። መቼ እንደሚያልቅ አሁን ልነግርዎት አልችልም። ይቅርታ።

ስልኩ ተዘጋ። የአባቴ ምሳ ቀዘቀዘ። ኤዶ ወደ እማዬ ዞረችና በእጇ ወደ ጥጉ አሳየች። እማዬ ተነሳች፣ አቡጀዲውን አወጣች፣ ለከፈን የሚለካውን ለካች፤ ይኼ ግን በሕይወት ላለ ሰው ስለሆነ ጨመረችበት። ጠርዙን በእጇ ሰፋችላት። አዲስ አቡጀዲ ይንቋቋል፤ ኤዶ ለብሳው ስትንቀሳቀስ እንደ ወረቀት ይሰማ ነበር። ቀዩን ልብስ አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ከነጩ ጫፍ ቀዳ በስልኩ ላይ አሰረችና በግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች፤ ጮክ ብላ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ በቀብሩ ዕለት ማልቀስ የነበረባትን ሁሉ።

አባቴ ሲመልሳት እኔም ነበርኩ። ነጩ ከሩቅ ይታያል። ሴቶቹ ከየጎጆው ወጥተው ቆሙ፤ ከመካከላቸው አንዷም ወደ መኪናው አልመጣችም። ከጋቢናው ስትወርድ አሮጊቷ ብቻ ቀረብ አለች።

"አንቺ ባልሽን ለበስሽ" አለቻት። "እኛ ምን እንጠጣ?"

ኤዶ ፌስታሏን ይዛ ወደ ጎጆዋ ሄደች። 

ድርሻው ጎደለ። አባቴ ባለቤቱን ለመነው፤ ባለቤቱ ያንኑ ነው ያለው፣ ሙሉ ወይም ምንም። አንድ ጊዜ አባቴ ከደመወዙ ሞልቶ ውሃውን አደረሰ፤ እማዬ አላጉረመረመችም፣ ግን ቤታችን ውስጥ ሥጋ ለረጅም ጊዜ አልተሸተተም። ሁለተኛ አልቻለም። ቦቴው የሠርግ አዳራሽ ወደሚሠራበት ቦታ ዞረ። አዳራሹ አሁን አልቋል፤ ከፊቱ ባለ ቀለም መብራቶች አሉት፣ በአጠገቡ ሳልፍ ስንት ፍየል ግድግዳው ውስጥ እንዳለ አስባለሁ። ሴቶቹ እያንዳንዳቸው ገንዘብ አላቸው፤ ግን ገንዘቡን ሊጠጡት አይችሉም፣ ለየብቻ ደግሞ ውሃ አይገዛም። ፍየሎቹ አለቁ። የአሮጊቷ የልጅ ልጅ፣ ያ ጫማውን በእጁ ይዞ የሚዞረው፣ የበርካዱን ጭቃ ጠጥቶ ታመመና ሞተ። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አስፋፍቼ ለመጻፍ ሞክሬያለሁ፤ ከዚህ በላይ አይሆንም።

መንደሩ ተነቅሎ ወደ ሐርጌሳ ዳር መጣ። እንጨት ተክለው፣ ጨርቅና ካርቶን ጥለውበት፣ እዚያ ተቀመጡ። ውሃ በጀሪካን አለ። ቻርጅ የሚያደርግ ሱቅም አለ። ከረጢቱ ከዚያ ወዲያ እኛ ቤት መጥቶ አያውቅም።

አባቴን "ጥፋቱ የማን ነው?" ብዬ ጠይቄዋለሁ። መሪውን እያየ "እኔ ሳሉን በደንብ ባልስለው ኖሮ" አለ፣ ከዚያ "ዝናቡ ነው፣ ዝናቡ ነው" አለ። ሁለቱንም ያምን እንደሆነ አላውቅም።

ኤዶ ዒዳዋ ካለቀ በኋላ አንድ ከሰዓት በራችንን አንኳኳች። 31 ሜይ የሚባል ሰፈር ልብስ እያጠበች ነው የምትኖረው፤ እጇ ተልጧል። ያንን ቀይ ልብስ ነበር የለበሰችው። እማዬ አቅፋ ሳመቻት። ስልኳን ለእኔ ዘረጋችልኝ፣ "ቻርጅ አድርጊልኝ፣ ኤዶ" አለች፣ በሰፈሯ ሦስት ሱቅ እያለ። ስሙ እንዲዛወር ሽማግሌ ይዛ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች እየነገረችን ሳለ ስልኩ ነፍስ ዘራና መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። የመጨረሻውን አነበብኩት። ስሟ ነበር። የራሷ ስም፣ የአባቷ ስም፣ "ገንዘብ ገብቶልዎታል"። በእገዳው ጊዜ የቀረው በሙሉ አንድ ላይ።

ሳላስበው ነጩን ጨርቅ ቋጠርኩት። ኤዶ ቋጠሮውን ዳሰሰችና ሳቀች፤ እኔም ጮኼ ተነሳሁ፣ ምንጣፉ ላይ ዘለልኩ፣ ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ!

"ቁጭ በይ" አለችኝ። "የሁሉንም ቁጥር ታስታውሺያለሽ?"

አስታውሳለሁ። በቀለማቸው ነው የማስታውሳቸው።

"ለእያንዳንዳቸው የውሃውን ድርሻ ላኪላቸው። ያኔ ማዋጣት የነበረብኝን።"

"ኤዶ፣ አሁን እኮ ቦቴም የለ፣ መንደርም የለ።"

"አውቃለሁ። ላኪ።"

ላክሁ። ለሰማያዊው፣ ለቡናማው፣ ለባለ ጭረቱ። የአረንጓዴ አበባውን መጨረሻ ላይ አደረግኩት። እማዬ ሻይ አቀረበች። ኤዶ ሻይዋን ሳትጨርስ ስልኩ ጮኸ። ከአሮጊቷ ቁጥር ነው፤ እዚያ ሰፈር ማንበብ የሚችል ሰው አግኝታ መሆን አለበት። ገንዘቡን መልሳዋለች። ሙሉውን።

እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። ኤዶ ግን ፊቴን አይታ ነበር።

"መለሰችው?"

"መለሰችው።"

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። የተላጠ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"እንደገና ላኪላት" አለችኝ።

ላክሁት። ስልኩን በመካከላችን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩትና ሁለታችንም እሱን እያየን ተቀመጥን።